የጊዮርጊስ ጽዋ እና የጊዮርጊስ ቢራ

ይህ ትምህርት የተዘጋጀው ከገርጂ፣ ከሰሚትና ከጎሮ ማኅበርተኞች በተደጋጋሚ ለሚነሣ ጥያቄ ነው። ጥያቄው እንዲህ ነው፦ በየወሩ በ23 የቅዱስ ጊዮርጊስን ዝክር እናወጣለን፤ ጠላ መጥመቅ ስላልተመቸን ቢራ በሳጥን እናስመጣለን፤ በጠርሙሱም ላይ የሰማዕቱ ስምና ሥዕል አለ፤ ታዲያ ያወጣነው ዝክር ዝክር ይባላል ወይ? አንዳንዱ ከዚህ አልፎ፣ ስሙ የታተመበትን ጠርሙስ መጠጣት ራሱ በደል እንዳይሆን ይሰጋል። ሌላው ደግሞ ስሙ እስካለበት ድረስ ምን ችግር አለው ይላል። «ይቻላል» ወይም «አይቻልም» ብሎ ማሰናበት ቀላል ነበር፤ እንዲህ ያለ መልስ ግን ሰውን አያንጽም። ስለዚህ ረጋ ብለን ቢራው ከየት እንደ መጣ እናያለን፤ ከዚያም ጽዋው ከየት እንደ መጣ እንመረምራለን። ሁለቱ በአንድ ስም ይጠሩ እንጂ ምንጫቸው አንድ አይደለም።

የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1922 ነው። ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ በዙፋን፣ ራስ ተፈሪ መኰንን በአልጋ ወራሽነትና በእንደራሴነት የነበሩበት ዘመን ነው። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ገና አርባ ዓመት አልሞላትም ነበር። የጅቡቲው ባቡር ከተማዋ ከደረሰም አምስት ዓመት ብቻ አልፎታል። በዚያ ጊዜ የሕዝቡ መጠጥ ጠላና ጠጅ፣ ከዚያም አረቄ ነበረ፤ ቢራ ለአገሬው ሰው እንግዳ ነገር ነበር። ፋብሪካው በሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ቆሞ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የቢራ ፋብሪካ ሆነ፤ እስከ ዛሬም ከአገሪቱ ቢራዎች በዕድሜ የሚቀድመው እርሱ ነው።

የሰማዕቱ ስም በከተማዋ ምን ያህል የገነነ እንደ ነበር ማንም ያውቃል። የዐድዋ ድል የተገኘው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በበዓሉ ዕለት ነው፤ ታቦቱም ከሠራዊቱ ጋር ወርዷል። በአራዳ የቆመው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን የዚያ ድል መታሰቢያ ሆኖ ይታያል። በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተው የእግር ኳስ ክለብም የተጠራው በዚሁ ስም ነው። ሰፈር፣ ትምህርት ቤት፣ ክለብ፣ ቢራ፣ ሁሉም ከአንድ ምንጭ ስም ይቀዱ ነበር። ይህን የምናገረው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። በሕዝብ ልብ ውስጥ የገባ ስም ገበያም ውስጥ ይገባል፤ ይህ በብዙ አገር የታየ ነገር ነው።

የፋብሪካው ባለቤትነት ግን የቤተ ክርስቲያን ሆኖ አያውቅም። የውጭ አገር ሰዎች አቋቋሙት፤ ደርግ በ1967 ዓ.ም. ትልልቅ ኢንዱስትሪዎችን ሲወርስ እርሱም ወደ መንግሥት ዞረ፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ደግሞ የፈረንሳዩ ካስቴል ቡድን አካል የሆነው ቢጂአይ ገዛው። ከዋናው የጊዮርጊስ ቢራ ሌላ ካስቴል፣ አምበርና ዶፔል የተባሉትንም ኩባንያው አውጥቷል፤ በኮምቦልቻና በሐዋሳም ፋብሪካዎች አሉት። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በመቶ ዓመት ውስጥ ባለቤቱ ሲለዋወጥ ስሙ አልተለወጠም። የሰማዕቱ ስም በሽያጭ ውል ከገዢ ወደ ገዢ ተላልፏል። የንግድ ምልክት ስለሆነ ሕጉ ይህን ይፈቅዳል። ቅድስና ግን በውል አይተላለፍም፤ ፋብሪካውን የገዛ ሰው ምልክቱን ይገዛል እንጂ የሰማዕቱን ቃል ኪዳን አይገዛም። ይህን አንድ ነገር አጥብቃችሁ ያዙ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ሌሎቹን ቢራዎች በአጭሩ ልለፋቸው። ዳሽን፣ ሐረር፣ በደሌ፣ ራያና ዘቢዳር ከተራራና ከአገር ስም የመጡ ናቸው፤ ዋልያ የዱር እንስሳ ስም ነው፤ ሐበሻ የሕዝብ። በቅዱሳን ስም የተጠሩት ሁለት ናቸው፤ አንዱ ጊዮርጊስ ነው፣ ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1963 በሰበታ የተመሠረተው ሜታ አቦ። ሜታ አቦን እ.ኤ.አ. በ2012 የእንግሊዙ ዲያጂዮ ገዝቶት ነበር፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ለቢጂአይ ሸጠው። «አቦ» ሕዝባችን አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን የሚጠራበት ስም ነው። ገድላቸውን ያነበበ ሰው እኚህ አባት የእናታቸውን ጡት እንኳ ሳይቀምሱ፣ እህልና ውሃ ሳይሉ እንደ ኖሩ ያውቃል። በጠርሙሱ ላይ ያለው ስምና በገድሉ ውስጥ ያለው ሕይወት ምን ያህል እንደሚራራቁ ለማየት ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አያስፈልግም። ስም ብቻውን ሕይወትን ይዞ እንደማይመጣ በዚህ እንማራለን።

ይህ ሁሉ ለቦሌና ለምሥራቁ የከተማችን ክፍል ሩቅ ታሪክ እንዳይመስላችሁ። ሄኒከን እ.ኤ.አ. በ2011 ሐረርንና በደሌን ከገዛ በኋላ ዋልያ የሚጠመቅበትን ትልቅ ፋብሪካ ያቆመው በቂሊንጦ ነው፤ ከቦሌ ቡልቡላ ወደ ቱሉ ዲምቱ ለሚያልፍ ሰው ጎረቤት ነው። በቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ደግሞ ሱፍሌ የተባለ የፈረንሳይ ድርጅት በዓመት 60,000 ቶን ብቅል ለማምረት የሚችል ፋብሪካ ሠርቷል። የአርሲና የባሌ ገበሬ ያጨደው ገብስ በዚህ ብቅል ይሆናል። ከእናንተ መካከል በእነዚህ ቦታዎች ተቀጥረው የሚሠሩ፣ ልጅ የሚያስተምሩበትን ገንዘብ ከዚያ የሚያገኙ እንዳሉ አውቃለሁ። እንጀራችሁ ከዚያ ስለሆነ ኀጢአተኞች ናችሁ የሚል ትምህርት ቤተ ክርስቲያን የላትም። ገብስ የእግዚአብሔር ፍጥረት ነው፤ ገበሬው ላቡን ያፈሰሰበት ነው፤ ብቅል ማብቀልም እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁት ሥራ ነው።

አሁን ወደ መጠጡ እንግባ። በፋብሪካም በቤትም መሠረቱ አንድ ነው። ገብሱ በውሃ ተዘፍዝፎ ይበቅላል፤ በቅሎ ሲደርቅ በውስጡ ያለው ስታርች ወደ ስኳር ለመለወጥ የተዘጋጀ ይሆናል፤ እርሾው ስኳሩን በልቶ አልኮል ያደርገዋል። ልዩነቱ ፋብሪካው መራራውን ጣዕም ከሆፕስ አበባ ሲያገኝ፣ እናቶቻችን ከጌሾ ማግኘታቸው ነው። የቤቱ አሠራር ግን ረጅም ነው፤ አንድ ጊዜ በዝርዝር ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም የዝክሩ ነገር ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ተፈትጎ ይታጠባል፣ ከዚያ ተደፍቶ በወይራ ጭስ ይታጠናል። የተወቀጠ ጌሾ በውሃ ይጠነሰሳል። ጥንስሱ ሲነቃ ብቅሉ ይገባል፤ እንኩሮ ይቆላል፣ ቂጣ ይጋገራል፣ ተቆርሶ ይጨመራል፤ ድፍድፍ ይሆናል። ድፍድፉ ሲደርስ ውሃ ይሞላበታል፣ አፉ ይታሸጋል፣ እስኪጠልም ይጠበቃል። ከጋን አጠባው እስከ መቅዳቱ ከሳምንት ያላነሰ ጊዜ ያልፋል። የተረኛዋ ጎረቤቶች በየመካከሉ ይገባሉ፤ አንዷ ብቅል ታስፈጫለች፣ አንዷ ውሃ ትቀዳለች። ዝክሩ በ23 ይወጣል እንጂ የሚጀምረው ከ15 በፊት ነው።

በአያትና በሰሚት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር እናት ይህን ሁሉ እንድታደርግ መጠየቅ ከባድ ነው። ጋን የሚቀመጥበት ጓዳ የለም፤ ወይራ ቢታጠን ጭሱ የጎረቤት ቤት ይገባል፤ ውሃው በፈረቃ ነው። ስለዚህ ቢራ በዝክር ገበታ ላይ የመጣው ሰው ሃይማኖቱን ስለጣለ ነው የሚሉትን አልቀበልም። የኑሮው ቅርጽ ተለወጠ፤ ማኅበሩ ግን ሳይፈርስ ለመቆየት መንገድ ፈለገ። ይህ የሚመሰገን ነው። ሆኖም ጠላው ሲቀር አብሮ የቀረ ነገር አለ ወይ ብለን መጠየቅ ይገባናል።

ከዚያ በፊት ስለ መጠጥ በአጠቃላይ ቤተ ክርስቲያን ምን ታስተምራለች? ሁለት ጽንፎች አሉ፤ ሁለቱንም ትተዋለች። አንደኛው መጠጥ በተፈጥሮው ርኩስ ነው የሚለው ነው። ጌታችን በቃና ዘገሊላ ሰርግ ላይ ውሃውን ወይን እንዳደረገ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ተጽፏል፤ እኛም ይህን ጥር 12 ቀን፣ በጥምቀት ማግሥት እናከብራለን። ርኩስ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያውን ተአምር በእርሱ አያደርግም ነበር። ሁለተኛው ጽንፍ ቃናን እየጠቀሰ ያለ ልክ የሚጠጣው ነው። ለዚህኛው በዘፍጥረት ምዕራፍ 9 ኖኅ አለ፤ ከጥፋት ውሃ የዳነ ጻድቅ በራሱ ድንኳን ውስጥ በወይን ተዋረደ። ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲወስድ ይመክረዋል፤ ያው ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ ስካርን ይከለክላል፤ በስካር ቦታ በመንፈስ ቅዱስ መሞላትን ያስቀምጣል። የጻፈው አንድ ሰው ነው። ጥቂቱን ለሚያስፈልገው ፈቀደ፤ አእምሮን የሚያስጥለውን ለሁሉም ከለከለ።

ለካህናት ሕጉ ይጠብቃል። የሐዋርያት ቀኖና ለመጠጥ ራሱን የሰጠ ኤጲስ ቆጶስ፣ ቄስ ወይም ዲያቆን እንዲተው፣ ካልተወ እንዲሻር ያዝዛል። ደግሞም በእኛ ቤተ ክርስቲያን ለቅዱስ ቁርባን የሚቀርበው ወይን ከዘቢብ የሚዘጋጅ ነው። ዘቢቡ ታጥቦ በውሃ ይዘፈዘፋል፣ ይጨመቃል፣ ሳይቦካ ወደ ጽዋው ይገባል። ከሁሉ በላይ የከበረው ጽዋ የሚያሰክር ነገር የለበትም። ይህን የምታውቁ ብዙዎች ናችሁ፤ ግን ቆም ብላችሁ አስባችሁበት ታውቃላችሁን? የክርስቲያን ደስታ ሙሉ የሚሆነው በዚያ ጽዋ ከሆነ፣ አልኮል ለደስታችን የግድ አይደለም ማለት ነው።

አሁን ጽዋ ማኅበር ከየት መጣ? መሠረቱ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 10 መጨረሻ ላይ ነው። ጌታችን ጻድቅን በጻድቅ ስም የሚቀበል የጻድቁን ዋጋ እንደሚያገኝ፣ ከታናናሾቹም ለአንዱ በደቀ መዝሙር ስም ቀዝቃዛ ውሃ ያጠጣ ዋጋው እንደማይጠፋበት ያስተምራል። ዝክር ሁሉ የቆመው በዚህ ቃል ላይ ነው። ቃሉን በጥንቃቄ ተመልከቱት። ስም አለ፣ ጽዋ አለ፣ የሚጠጣ ታናሽ አለ፣ የሚሰጥ ሰው አለ። በጽዋው ውስጥ ያለው ደግሞ ውሃ ነው። ስለዚህ ዝክርን ዝክር የሚያደርገው በውስጡ የተቀዳው አይደለም፤ ጠላም ቢሆን፣ ቢራም ቢሆን፣ ጠበልም ቢሆን። በቅዱሱ ስም መሰጠቱ ነው። በቅዱሳን ስም ዋጋ የሚያስገኘው ጽዋ የሚሰጥ ጽዋ ነው እንጂ የሚሸጥ አይደለም።

ከላይ አጥብቃችሁ ያዙ ያልኋችሁን፣ ቅድስና በውል አይተላለፍም የሚለውን፣ አሁን አምጡት። ፋብሪካው የሰማዕቱን ስም በጠርሙስ ላይ ጽፎ ይሸጣል። ሻጩ ዋጋውን በብር ተቀብሏል፤ ጉዳዩ በዚያው ያልቃል። በቦሌ መድኃኔዓለም ጀርባ ባለ ግሮሰሪ የተቀመጠ ሰው «ሁለት ጊዮርጊስ» ብሎ ሲያዝዝ ሰማዕቱን እየሰደበ አይደለም፤ እየዘከረም አይደለም። ዕቃ እየገዛ ነው። ስሙ ስላለበት በረከት አለው ብሎ ከጠጣ ተሳስቷል፤ ስሙ ስላለበት ጠርሙሱን የነካ ረከሰ ያለም ተሳስቷል። ያው ጠርሙስ ግን በማኅበር ቤት ውስጥ ከጸሎት በኋላ ለእንግዳ በሰማዕቱ ስም ሲሰጥ ሌላ ነገር ሆነ። ጠርሙሱ አልተለወጠም፤ የሰጪው እጅ ግን የገዢ እጅ መሆኑ ቀረ።

ስለ ራሱ ስለ ሰማዕቱም አንድ ነገር ልጨምር። በገድሉ ውስጥ ጽዋ አለ። በቀጰዶቅያና በልዳ ታሪክ የሚታወቀው ይህ ወጣት ስለ ክርስቶስ ሲመሰክር፣ አትናስዮስ የተባለ መሠርይ መርዝ በጽዋ አዘጋጅቶ አጠጣው። ጸልዮ ጠጣው፤ ምንም አልጎዳውም፤ መሠርዩም አምኖ የሰማዕትነት ሞት ሞተ። በጠርሙሱ ላይ ያለው ሥዕል ፈረሱንና ዘንዶውን ያሳያል፤ ይህኛውን ታሪክ አያሳይም። ለዝክሩ የሚቀርበው ግን ይህኛው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ጊዮርጊስ በጽዋው ተሸንፎ አልወጣም። በስሙ ከተቀመጡበት ገበታ ተንገዳግዶ የሚነሣ ሰው ሰማዕቱ ያሸነፈውን ነገር እርሱ ተሸንፎለት ሄደ ማለት ነው። ይህን ስናገር ያዝናል ልቤ፤ ከዝክር ቤት ወጥተው መኪና የነዱ፣ ከሚስት ከልጅ የተጣሉ፣ ማግሥቱን ሥራ ያልገቡ ሰዎች በየሰፈሩ አሉና።

በውጭ አገርም የመጠጥና የጸሎት ቤት ግንኙነት አዲስ ጥያቄ አይደለም። በስኮትላንድ ዳንባር ከተማ ዳር ያለው ቤልሄቨን የተባለው ጠመቃ ቤት ዕድሜውን እ.ኤ.አ. ከ1719 ይቆጥራል፤ ቦታውም ቀድሞ የመነኮሳት እንደ ነበር ይነገርለታል። በቤልጂግ ደግሞ ትራፒስት የሚባሉ መነኮሳት እስከ ዛሬ ቢራ ይጠምቃሉ፤ ከሽያጩ የሚገኘው ለገዳሙ መተዳደሪያና ለበጎ አድራጎት ነው። ሥርዓታቸው ከእኛ ይለያል፤ ሆኖም ልዩነቱን ሁሉ ወደ ጎን ብንተወው አንድ የምናየው ነገር አለ። መጠጡ ከጸሎት ቤት ጋር ተያይዞ የሚቆየው ትርፉ ወደ ችግረኛው እስከ ሄደ ድረስ ነው።

እንግዲህ ወደ ገርጂና ወደ ሰሚት ማኅበርተኞች ልመለስ። ጠላው ሲቀር አብሮ የቀረውን ፈልጉ ብያለሁ። ጠላ ሲጠመቅ ጋኑ ትልቅ ስለሆነ ለማኅበርተኛ ብቻ አይጠመቅም ነበር፤ ጎረቤት፣ መንገደኛ፣ በር ላይ የቆመ ነዳይ ሁሉ ይቀምስ ነበር። ቢራ ግን በጠርሙስ ተቆጥሮ ይመጣል፤ ለአሥራ ሁለት ሰው ሃያ አራት ጠርሙስ ተብሎ ይሰላል። በስሌቱ ውስጥ በር ላይ ያለው ሰው የለም። የጎደለው ይህ ነው፤ ቢራው ቢራ መሆኑ አይደለም። ሁለተኛው የጎደለው ልክ ነው። ጽዋው በተራ ሲዞር አዛውንቱ፣ ካህኑና የማኅበሩ ሙሴ (መሪው) እያዩት ይዞር ነበር፤ አሁን ጠርሙሱ በየሰው ፊት ተቀምጦ ማንም የማንን አያይም።

ስለዚህ በዚህ እንስማማ። ቢራ ማቅረብ የመረጠ ማኅበር ያቅርብ፤ ግን ጸሎቱ ሳይደርስ ጠርሙስ አይከፈት። ለነዳያን የሚሰጠው አስቀድሞ ተለይቶ ይቀመጥ፤ ምግብና ውሃ ወይም ገንዘብ ይሁን እንጂ ቢራ አይሁን፤ የተራበን ሰው በባዶ ሆድ ማስከር ምሕረት አይደለም። ለማይጠጡት ለስላሳ ወይም ብርዝ ከመጀመሪያው ይቅረብ፤ ተለምነው እንዲጠጡ አይደረግ። ሙስሊም ጎረቤት በዝክራችን ቤት ሲገኝ፣ ወይም የፕሮቴስታንት እምነት ያለው ዘመድ ሲመጣ፣ መጠጥ አልወስድም ያለውን ማሾፊያ ማድረግ ክርስቲያናዊ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው በምዕራፍ 14 ወንድምን የሚያሰናክል ከሆነ ወይን አለመጠጣት መልካም እንደ ሆነ ያስተምራል። ሱሰኛ የነበረ፣ አሁን የተወ ወንድም በመካከላችሁ ካለ ደግሞ በዚያ ቤት ጨርሶ መጠጥ አይግባ፤ ማኅበሩ በጠበልና በዳቦ ዝክሩን ያውጣ። ዝክሩ አንዳች አይጎድልበትም፤ በማቴዎስ ወንጌል ያለው ጽዋ ውሃ ነበርና።

ስለ ልጆችም አሳስባችኋለሁ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መጠጥ መሸጥን ከልክሏል፤ የመጠጥ ማስታወቂያንም ከሬዲዮ፣ ከቴሌቪዥንና ከአደባባይ ሰሌዳ አንሥቷል። ሕጉ የደረሰው እስከዚያ ነው። ወላጅ በዝክር ቤት «የጊዮርጊስ ነው፣ ቅመስ» እያለ ለአሥራ አምስት ዓመት ልጁ ሲያቀምስ ሕጉ አያየውም። ልጁ ግን ስሙንና መጠጡን አንድ ላይ ይማራል፤ ከዚያ በኋላ ለመለየት ይቸግረዋል። ልጆቻችሁ የሰማዕቱን ስም መጀመሪያ ከገድሉ ይስሙት፤ የገርጂ ጊዮርጊስን ደጅ ሲሳለሙ፣ ሚያዝያ 23 ሲነገር ይስሙት።

ለሚቀጥለው ወር ማኅበር ትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 35ን አንብባችሁ ኑ። በዚያ ምዕራፍ ሬካባውያን የሚባሉ ሰዎች አሉ፤ አባታቸው ወይን እንዳይጠጡ ስላዘዛቸው ነቢዩ ራሱ በቤተ መቅደስ ጽዋ ቢያቀርብላቸው አልጠጡም፤ እግዚአብሔርም ስለ መታዘዛቸው አመሰገናቸው። ንባቡ ካለቀ በኋላ የማኅበሩ ሙሴ አንድ ነገር ለውይይት ያቅርብ፦ ከመጠጡ ወጪ ስንት እጁ ለነዳያን ይሁን? የተስማማችሁበትን በማኅበሩ መዝገብ ላይ ጻፉት፤ ተረኛውም ዕቃ ከመግዛቱ በፊት ያንን ገንዘብ ለይቶ ያስቀምጥ።